የእኛ ሰው

ይድረስ ለእታለም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? የደሴ ብርድ ቀለል አለ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን በራሷ ስልክ የምታደርስልሽ የሥራ ባልደረባዬ አክበረት ናት። ስልኬን ባሌ ይከፍተዋል።

እታለም፣ ምክር የምትሰጥ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ጀምሬያለሁ። አበደች እንዳትዪኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስንት ጊዜ ቻልኩት፤ ሆድም ለካ ይሞላል። እዚህ ኪስታ የሚባል ሰፈር የእኛው አገር ባለሙያ አለ ብለውኝ ነበር። የእኛ ሰው ዛሬ የሰማውን ለጁምዓ ያደርሰዋል ብዬ አንዲት ስዊድናዊት መረጥኩ።

ስዊድንኛዬ ሽማግሌ ለማጠብ እንጂ ለሆዴ ነገር አይበቃም፤ ስለዚህ በስልክ አስተርጓሚ ተፈለገልኝ። ከስልኩ ውስጥ «ደህና ዋልሽ» ሲለኝ ክው አልኩ። ባህረዲን ነው፤ እሁድ እሁድ እኛ ቤት ምሳ የሚበላው የባሌ ጓደኛ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ አገሬ ናፈቀኝ ብቻ ብዬ ወጣሁ።

አስተርጓሚ ምስጢር ይጠብቃል ብላኝ ነበር ሴትየዋ። ማታ ባሌ ሻይ ቀድቶ ሰጠኝና፣ አብሽሪ፣ እንቅልፉ ይመጣል፤ አገርሽም ከናፈቀሽ እወስድሻለሁ አለኝ። አልተቆጣም። እኔ የምፈራው ሳይቆጣ ሲቀር ነው። በማግስቱ ፓስፖርቴን ካስቀመጥኩበት አጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ራሱ ያደርሰኛል። ለሁለተኛ ጊዜ ስገባ አስተርጓሚ አልፈልግም አልኩና፣ በዚያች በተሰባበረች ስዊድንኛዬ ባሌን እፈራለሁ አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አሁን የት ነው ያለው አለችኝ። ውጭ መኪናው ውስጥ አልኳት። ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋች።

ዛሬውኑ ማደሪያ ላግኝልሽ ብላኝ ነበር። የእማዬን ድሪ ሳልይዝማ አልወጣም ብዬ እኔ ነኝ ለማክሰኞ ያልኩት። ማክሰኞ ከዚያው አልመለስም።

እስከዚያ ብደውልም ብጽፍም፣ እታለም ካልኩሽ ብቻዬን ነኝ። እህቴ ካልኩሽ አጠገቤ ተቀምጧል፤ የምልሽን አትመኚ፣ ለአክበረት ደውዪ። ሴትየዋን ታውቃታለች።

ዱዓሽ አይለየኝ። አላህ በደህና ዐይን ለዐይን ያገናኘን።

ታናሽሽ

*

እህቴ፣

በስልክ ነው የምጽፍልሽ። ደህና ነሽ ወይ? እኛ በጣም ደህና ነን። ከሰው የሰማሽው ነገር ካለ እርሺው፤ እንቅልፍ ማጣት ያስለፈልፋል። ስዊድናዊቷ ዘንድ መሄዱን ትቻለሁ። ባሌ የእኛን ሰው አግኝቶልኛል፤ አብረው ቁጭ ብለው ይመክሩኛል።

በሚመጣው ሳምንት ይዞኝ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ስለሆነ የጓሮውን ክፍል አዘጋጂልኝ። የእማዬን ድሪ አታስቢ፣ እሱ ይዞልኛል።

አላህ ያክብርሽ፣ እህቴ።

ታናሽሽ