አንድ እንግዳ ብቻ

መጋቢት 4

የእማዬን ሁለት ቀሚስ አጥቤ መስኮቱ ላይ አሰጣሁ። ለሕክምና ሰው አገር ከመጣን ሃያ አንደኛ ቀናችን ነው። እሷ የኪራይ ክፍላችን አልጋ ላይ ሆና በማታውቀው ቋንቋ ቴሌቪዥን ታያለች። ለተዋናዮቹ ራሷ ስም አውጥታላቸዋለች። "ይሄ ሌባ ነው፣ ዓይኑን እዪው!"

ነገ ወንድሜ ይመጣል። የምርመራው ውጤትም ነገ ነው።

መጋቢት 5

ሐኪሙ ወንድሜንና እኔን ብቻ ጠራ። ካንሰሩ ጉበቷ ላይ ደርሷል አለ። ቀዶ ጥገና አይሆንም። ሕመሙን የሚያስታግስ ነገር እንሰጣታለን... በቃ። ወንድሜ ብዙ ጠየቀ። እኔ የሐኪሙን እስክሪብቶ ሳይ ቆየሁ።

ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

"ቤት እስክንገባ ትንፍሽ እንዳትይ። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።"

"መቼ?"

"ታላቅሽ ነኝ፣ ለእኔ ተዪው።"

እማዬ ውጭ እየጠበቀችን ነበር። "ምን አሏችሁ?"

"መድኃኒት ቀየሩልሽ" አለ እሱ።

ወደ እኔ ዞረች። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። መልሼ አሰርኩት።

መጋቢት 7

የውጭውና የአገር ውስጡ በረራ ትኬታችን ለየብቻ የተገዛ ነው። ከውጭ በረራ ስንወርድ ሻንጣ መቀበል፣ ፍተሻ ማለፍ፣ በአውቶቡስ ወደ አገር ውስጥ በረራ ተርሚናል መሄድ፣ ሻንጣውን እንደገና ማስረከብ... የመጀመሪያው ቢዘገይስ? እሷስ ትችለዋለች?

ወንድሜ ለሥራ በወር ሦስቴ ይበራል። "የመንገደኞች ማረፊያ ላውንጅ አለ፣ የመግቢያ ካርድ አለኝ፣ ገብታ ታርፋለች። ምን ያስጨንቅሻል?" ይለኛል።

የሚያስጨንቀኝ በረራው ነው እንዴ?

መጋቢት 9

የአገር ውስጥ በረራ ተርሚናሉ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

አንድ ሰዓት ዘግይተን አረፍን። ሻንጣችን ከሁሉም ሰው በኋላ መጣ። እማዬ ተሽከርካሪ ወንበር ቢቀርብላት እምቢ አለች። "እግሬን መቼ አመመኝ?" አምስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች። ላውንጁ በር ስንደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። በረራችን ስድስት ተኩል።

እንግዳ ተቀባይዋ ካርዱን አየች። "ከባለካርዱ ጋር የሚገባው አንድ እንግዳ ብቻ ነው።"

"እናቴ ናት እኮ። ይቺ ደግሞ እህቴ።"

"ይገባኛል። ግን አንድ ብቻ።"

ወንድሜ አየኝ። "አንቺ ውጭ ሆነሽ የበረራ ሰሌዳውን ጠብቂ" አለኝ።

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ከእማዬ ዓይን ላመልጥ...

አሁን አምስት ሰዓት ተኩል አለፈ። ሰሌዳው ላይ የመሳፈሪያ በራችን ተቀየረ። ደወልኩ፣ አያነሳም። እንደገና... አያነሳም። ውስጥ ጥሪ አይሰማ ይሆን? ሄጄ ላስጠራቸው።

ዛሬውኑ፣ አውሮፕላን ውስጥ

ልነሳ ስል የላውንጁ በር ተከፈተ። እማዬ ብቻዋን ወጣች። በሶፍት የተጠቀለለ ኬክ ይዛለች።

"ወንድምሽ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ጣለው። እንቺ፣ ብዪ። እዚያ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይበላል።"

አጠገቤ ተቀመጠች። ኬኩን ያዝኩት እንጂ አልበላሁም።

"አንቺ ልጅ፣ አራት ቀን ሙሉ ዓይኔን አላየሽውም። ሐኪሙ ምን አለ?"

"ቤት ስንገባ እማዬ..."

"ቤት ስንገባ ጎረቤት ይሞላል። አሁን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ጉበት አልኩ። ቀዶ ጥገና አይሆንም አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋን እየጎተተች በፊታችን አለፈች፣ አንዱ ጎማ ሲጢጥ ይላል።

"ስንት ጊዜ ቀራት አሉ?"

"አላወቁትም። ወራት... ሊሆን ይችላል።"

"ሰውነቴ እኮ ነግሮኛል። የሚያወራኝ ሰው ነው ያጣሁት።" እጇን ጭኔ ላይ አሳረፈችው። ያዝኩት።

የመጨረሻው የመሳፈሪያ ጥሪ ሲሰማ ወንድሜ ነቅቶ ኮቱን አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ። ፊታችንን አየ።

"ነገርሻት?!"

"እኔ ነኝ ያስነገርኳት" አለች እማዬ። "እሷን ተዋት። ይልቅ በራችን የት ነው?"

ለጥቂት ደረስን። እሱ ከፊታችን ሦስት ረድፍ አልፎ ተቀምጧል። ዞር ብሎ አላየንም። አጠፋሁ ይሆን? የተርሚናል ወንበር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ... እንዲህ ያለ ነገር በትራንዚት ይነገራል?

መጋቢት 14

ወንድሜ አልደወለልኝም። ለእማዬ ይደውላል። እኔ ስልኩን አቀብላለሁ።

ሚያዝያ 2

ወንድሜ መጣ። በር ላይ "ደህና ነሽ?" አለኝ። እሱም ትልቅ ነገር ነው።

እማዬ ሁለታችንን አስቀምጣ የሐኪሙን ወረቀት አወጣች። "ከላይ እስከ ታች አንብብልኝ። በሚገባኝ ቋንቋ።"

ሦስተኛው መስመር ላይ ማንበብ አቆመ።

"ቀጥል ልጄ።"

ቀጠለ። ያልገባትን ታስቆመዋለች፣ ያስረዳታል። አንድ ቦታ ላይ "ይሄን አላውቀውም" አለ። ወንድሜ አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

"እንግዲያው ሐሙስ ሦስታችንም እዚህ ያለው ሐኪም ጋ ገብተን እንጠይቃለን" አለች እማዬ። ወደ እኔ ዞረች። "ጻፊ። አንደኛ፦ ሕመሙ ሲብስብኝ ቤቴ መሆን እችላለሁ ወይ?"

ጻፍኩ። ፊደሉ ተንጋደደብኝ። ወንድሜ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ ወረቀቱን ያዘልኝ።

"ሁለተኛውስ እማዬ?" አለ።