አሥረኛው ስም

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ተመርቆ ቤት መቀመጥ እስከ መቼ ነው? ጠዋት የእማን ሱቅ ስከፍት ራሴን ጠየቅሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እድሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ባዶ ወንበሮች ፊት ተቀምጬ ያንኑ ጠየቅሁ። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ዲግሪ አለኝ። ሥራ የለኝም። ስለዚህ ሥራውን ራሴ ልፍጠረው ብዬ ተነሳሁ፦ ለቡራዩ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሁለት ሳምንት የክረምት ጨዋታ። ጨዋታ ብቻ። ፊደል የለ፣ ፈተና የለ።

ያለኝ፦ ሁለት ኳስ (አንዱን በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ፤ ሲንከባለል ስለሚንኮሻኮሽ ማየት የማይችል ልጅ በድምፁ ይከተለዋል)፣ ስድስት ሰሌን፣ ገመድ፣ ቀለም፣ የእማ አሮጌ ቴፕ።

የሌለኝ፦ ልጆች።

እስካሁን ሦስት ናቸው። በረከት፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ማየት አይችልም። መስማት የማይችሉ ሁለት እህትማማቾች። ማስታወቂያውን መስጊዱ በር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ዝናቡ ሁሉንም አጥቦ ወስዶታል።

የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ለሚ አዳራሹን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ እስከ ዓርብ አሥር ልጅ ካልሞላ ማጠናከሪያ ላስተምርበት ላለው መምህር ይሰጡታል። እሱ ስልሳ ተማሪ አስመዝግቧል። እውነታቸውን ነው። ለሦስት ልጅ አዳራሽ ማን ይይዛል?

ስንመረቅ ሦስት ጓደኛሞች ተማምለን ነበር። እኔ ቡራዩ፣ ደረጀ ሰበታ፣ ሂሩት ሱሉልታ፤ እያንዳንዳችን በየከተማችን እንዲህ ያለ ጨዋታ እንከፍታለን ብለን። ደረጀ አንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረና ስልክ ማንሳት ተወ። ሂሩት አራት ልጅ አግኝታለች። ቀናሁባት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ቤት ለቤት ዞርኩ። አሥራ አራት በር። ጫማዬ አልቆልኛል።

አንዷ ጤነኛውን ልጇን አውጥታ ይህን መዝግቢልኝ አለችኝ። አንድ አባወራ የሚታደለው ዘይት ነው ወይስ ዱቄት ብሎ ጠየቀኝ። ጨዋታ ነው ስለው በአዘኔታ አየኝ። «ጨዋታማ ቤታችንም አለ» አለ። ሌሎቹ የለም፣ እዚህ የለም፣ ከላይ ሰፈር ሞክሪ።

ሁለት አገኘሁ። አምስት ሆኑ።

አሥራ አራተኛው በር የእትዬ አስካለ ነበር። መሄድ አልነበረብኝም። እዚያ ቤት ልጅ ሊኖር እንደሚችል የማውቀው ከሱቅ ነው። እትዬ አስካለ በየሳምንቱ ትልቁን ቁጥር ዳይፐርና አንድ እሽግ ስትሮ ይገዛሉ። ሰው የሚያውቃት ልጃቸው ሄለን ብቻ ናት፤ እሷም አግብታ ሰበታ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። እማ ዳይፐሩን መጀመሪያ በጋዜጣ፣ ከዚያ በጥቁር ፌስታል ትጠቀልልላቸዋለች። ቃል አይነጋገሩም። ባለፈው ለማን ነው ብዬ ስጠይቃት፣ እኔ እሸጣለሁ እንጂ ለማን እንደሆነ አልጠይቅም፣ አንቺም አትጠይቂ ብላኝ ነበር።

ጠየቅሁ። የቆርቆሮው በር አንድ ስንዝር ያህል ተከፈተ። እዚህ ልጅ የለም አሉኝ፣ በትህትና። ለእናቴም ሰላምታ ላኩ። ከጀርባቸው ሬድዮ ይሰማል። ከሬድዮው ስር አንድ ሳል ሰማሁ። የትልቅ ሰው ሳል አልነበረም።

አመስግኜ ተመለስኩ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

መላ አገኘሁ። ወረቀት ማንም አያነብም፤ በር ላይ ማንም እውነቱን አይነግረኝም። ግን ሰፈሩ በሙሉ የሚሰማው አንድ ነገር አለ። የእድሩ ጥሩምባ። እሱ ሲነፋ የተኛው ይነሳል፣ የተጣላው ይወጣል። እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብኩትም? ለሂሩት በቴሌግራም ጻፍኩላት። ሦስት ጭብጨባ ላከችልኝ።

ጥሩምባ ነፊው ጋሽ ሽብሩ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ጫማ ይሰፋሉ። ነገሩን ስነግራቸው መርፌያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ይህን ነገር ለሞት ካልሆነ ነፍቼው አላውቅም» አሉ። ሰው ይደነግጣል አሉ። ሞት አለመሆኑን እዚያው ይነግሩታል አልኳቸው። ኦቦ ለሚ ያውቃሉ ወይ አሉኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። (አልነገርኳቸውም። እምቢ እንዳይሉኝ።)

የሚያነቡትን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ለአባቴ የነፉት እሳቸው እንደነበሩ አስታወሱኝ፤ ለአንቺ እንዴት እምቢ እላለሁ አሉ።

ደስ ብሎኛል። ከተመረቅሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነገ ወንበሩ ሊያንስ ይችላል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በተራ ልጻፈው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ ሽብሩ እንደ ልማዳቸው ሦስቴ ነፉ፤ ከዚያ ወረቀቱን አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ አንድ ቃል አልሰማሁም። ዝናቡ ነው። ወረቀቱም ነው። «የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች» ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ እንደ መመረቂያ ጽሑፍ። ሞት አለመሆኑን የጻፍኩት አራተኛው መስመር ላይ ነው። አራተኛው።

በሮች ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ወንዶቹ ኮታቸውን እየደረቡ። የማን ቤት ነው፣ ማን ነው የሞተው፣ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። አይደለም፣ ሞት አይደለም እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጥኩ። ግማሾቹ የኔ ቤት መስሏቸው አቀፉኝ።

ያኔ እትዬ አስካለ ከአስፋልቱ በኩል እየሮጡ መጡ። የአበባ እርሻ ሠራተኛ ናቸው፤ ሰርቪስ እየጠበቁ ነበር። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። «ልጄን፣ ልጄን» ይላሉ። ሰው ሁሉ ሐዘኑ የማን ቤት እንደሆነ ያወቀ መሰለው። ተከተላቸው። እኔም ተከተልኩ።

በሩ ከውጭ የተቆለፈ ነው። ቁልፉ ሁለቴ ከእጃቸው ወደቀ።

ልጅቱ ፍራሽ ላይ ናት፣ በትራስ ተደግፋ። አሥር ዓመት ይሆናታል፣ ምናልባት አሥራ አንድ። እጆቿ ወደ ደረቷ ታጥፈዋል። አጠገቧ ሬድዮ ይናገራል። ኩባያ ውስጥ ስትሮ። ሁለት ሌሊት ሲያስላት አድሯል፤ እናቷ ጥሩምባውን ሲሰሙ ለእሷ የተነፋ መሰላቸው። ቆልፈውባት ሄደው ማን ገብቶ አይቶ ለእድር ሊናገር እንደሚችል እንኳ አላሰቡም። ማን ያስባል?

ቤቱ ሞላ። ልጅቱ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ሳቀች። በሙሉ ፊቷ፣ ድምፅ አውጥታ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ቆሞ ያያታል። አንዳንዶቹ ከልማድ ተቀመጡ። አንዷ ማልቀስ ጀምራ ስለነበር ማቆም አቃታት። ከኋላዬ ሹክሹክታ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት፣ እኛ ጎረቤት አይደለንም እንዴ።

ሰው አንድ በአንድ ወጣ። እትዬ አስካለ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ስደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን ደስ አለሽ?» አሉኝ።

በሩን ከውስጥ ዘጉ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ኦቦ ለሚ አስጠሩኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ሳይሉኝ አልፈውኝ አያውቁም። ዛሬ አላሉኝም።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ነገ አንድ ሰው ሲሞት፣ ሰዉ ሰሚራ ናት ያስነፋችው ብሎ ቢተኛስ? ያንን ሬሳ ማን ያወጣዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ጋሽ ሽብሩን ለአንድ ወር ከመንፋት አግደዋቸዋል።

ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ሽብሩ ጫማ እየሰፉ ነበር። «ወረቀቱን ማንበብ ሳልጀምር ሞት አይደለም ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አሉኝ። ጥፋቱን ሊካፈሉኝ ነው። መንገድ ላይ አለቀስኩ።

የአዳራሹን ቁልፍ ላስረክብ ስሄድ ሰው በር ላይ ቆሞ አገኘሁ። አንድ አባት፣ ከገፈርሳ በኩል፣ ልጁን አዝሎ ላስቲክ አልብሶታል። የአስካለን ቤት ሰው አይቶ ምን ሆነች፣ የእኔን ቢያይ ምን እሆናለሁ አለ። ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ ላስቲኩን ገፈፈለት። ከእሱ በኋላ ሦስት እናቶች መጡ። አንዷ የልጇን ስም የነገረችኝ በጆሮዬ ነው።

ዘጠኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እነዚህ አራቱ የመጡት በእትዬ አስካለ ገመና ላይ ተረማምደው ነው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ቁልፉን ሊረከቡ የመጡት ኦቦ ለሚ ዝርዝሩን በጣታቸው ቆጠሩ። ዘጠኝ አሥር አይደለም አሉ። ከዚያ መስኮቱን አይተው፣ «እስከ ሰኞ ሦስት ሰዓት» አሉ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

እትዬ አስካለ በሱቃችን ፊት አለፉ። ከአስፋልቱ ማዶ የተገዛ ዳይፐር በስስ ነጭ ፌስታል ይዘዋል፤ ያ ሱቅ በጋዜጣ አይጠቀልልም። አላዩንም። ማለቴ፣ እንዳላዩን ሆነው አለፉ።

መደርደሪያችን ላይ ሁለት እሽግ ቀርቷል። እማ ያን ቁጥር ከመርካቶ የምታስመጣው ለእሳቸው ብቻ ነበር።

እማ ከሐሙስ ጀምሮ አልገሠጸችኝም። ዛሬ ሚዛኑን እየወለወለች ተናገረች። «አስካለ አንድ ቀን ቀና ብላ አይታኝ አላህ ይስጥሽ አለችኝ። እግዜር አላለችም፣ አላህ አለች። ማወቄን ታውቅ ነበር እኮ።» ሚዛኑ ንጹሕ ነበር፤ መወልወሏን አላቆመችም።

ሂሩት ደወለች። ለሰኞ የሰፈሯን ጥሩምባ ነፊ አነጋግራ ጨርሳለች፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። አሁኑኑ ሄጄ አስቀረዋለሁ አለች። ከመዝጋቷ በፊት ግን፣ «አንድ ስም ጨምሪበትና ተገላገዪው፣ ማን ይቆጥራል?» አለችኝ።

ጨምሬ ነበር ማለት ይቻላል። ትናንት ብዕሬን አሥረኛው መስመር ላይ አሳርፌ ነበር። የእትዬ አስካለን ልጅ ልጽፋት። ሰው ሁሉ አይቷታል፣ አሁን ምን የሚደበቅ አለ ብዬ። እጄ የቆመው ግን በጨዋነት አይደለም። ስሟን አላውቀውም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። የመጀመሪያው ከራሴ ጋር ለመታረቅ ነበር፤ ሁለተኛው ስለ ልጆች መብት ይሰብክ ነበር፤ ሦስተኛው ልቅሶ ብቻ ነበር። አራተኛውን ለእማ አነበብኩላት። ከመደርደሪያው አንዱን እሽግ አወረደች፣ በጋዜጣ ጠቀለለችው፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተችው። እንደ ሁልጊዜው። በሩ ላይ አስቀምጪው፣ አታንኳኪ አለችኝ።

አስቀመጥኩ። ደብዳቤውን ከበሩ ስር ገፋሁት፤ ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። አላንኳኳሁም። ውስጥ ሬድዮው ይሰማል። ሳሉ ቀለል ያለ መሰለኝ፤ ወይም እንዲቀል ስለፈለግሁ ነው። ማጠፊያው ጋ ደርሼ ዞር ስል ፌስታሉ እንዳለ ነው። የወረቀቱ ግማሽ ግን የለም።

ወረቀቱ በዝናቡ ርሶ መሬት ላይ ተጣብቆ ስለነበር ነፋስ ወሰደው ለማለት ይከብዳል። ግን አላውቅም።

እዚህ የገለበጥኩት እንዳልረሳው ነው፦

ለእትዬ አስካለ፣

ጥሩምባውን ያስነፋሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሽብሩን አይቀየሟቸው። እማም ስለ እርስዎ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም፤ ያየሁትም የጠየቅሁትም እኔ ነኝ። ልጅዎ የሞተች መስሎዎት በባዶ እግርዎ እንዲሮጡ አድርጌያለሁ። ይህን ይቅር ይበሉኝ ለማለት ፊት የለኝም።

አዳራሹ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ወይም ለሌላ ይሰጣል። ይህ የእርስዎ ሸክም አይደለም። ዘጠኝ ልጆች አሉ፤ ዘጠኝ ናቸው ብዬ ለኦቦ ለሚ እነግራቸዋለሁ። ሊያመጧት ቢፈልጉ እኔው መጥቼ አዝላታለሁ። ባይፈልጉ በርዎን ደግሜ አልመታም።

የምለምንዎት ሌላ ነው። ሐሙስ ያ ሁሉ ሰው ቤትዎ ገባ፣ አያት፣ አለቀሰላት፣ ወጣ። እሷ ደግሞ ለሁላችንም ሳቀችልን። ስሟን የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ባይልኳትም፣ ከእንግዲህ ባያናግሩኝም፣ እባክዎ በዚሁ ወረቀት ጀርባ ስሟን ብቻ ጽፈው ከበሩ ስር ይመልሱልኝ።