ለሁለት የተሰፋው ኮርቻ

የካ ሚካኤል፣ መስከረም ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? መምህራችን ጤና ሳይጠየቅ ወሬ አይጀመርም ብለውናልና ልጠይቅህ። ትከሻህ ተሻለህ ወይ? የገነዙህ ሰዎች ተሰብሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንተ ባለህበት በኩል ክረምቱን ውኃ አቁሮ ነበር፤ እርጥበቱ አላስቸገረህም ወይ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ውሸቴን ከፊቴ ታነባለህ። እማማ እህል መቅመስ ጀምራለች። አባባ ይበላል፣ ይሠራል፣ አይናገርም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ገብቻለሁ።

እንደ ድሮው አንተ እያልኩ ነው የምጽፍልህ። አባባ «ታላቅህን አንቱ በል» ብሎ ሲቆጣኝ፣ አንተ ለብቻችን ስንሆን «አንቱ ካልከኝ አላፈናጥጥህም» ትለኝ ነበር። አሁን ጎረቤታችን እትዬ አገርነሽ እንኳ «እሳቸው» እያለች ታለቅስሃለች። ብትሰማት በሳቅ ትፈርስ ነበር።

የምጽፍልህ ስለ ሞተርህ ኮርቻ ነው። ሳላስፈቅድህ አስቆርጬዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ያን ቀን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስትወርድ መንገዱ ጭቃ ነበር። ያገኙህ እንጨት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ሞተሩ ባሕር ዛፎቹ መሃል ተሰክቶ ቀርቷል፤ መሪው ተጣመመ እንጂ ሌላው ደህና ነው። ከደረትህ ሥር በኮትህ የተጠቀለለ የጠበል ጠርሙስ እንደነበረ ነገሩን። ፍልሰታ ስለነበር ለምን ወጣ ብሎ የጠየቀ የለም። እማማ ብቻ «ለእኔ ነው፤ ወገቤን ስላመመኝ ነው» እያለች ደረቷን መታች። እማማ ወገቤን አመመኝ ስትል ግን ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም።

አርባህ ሲቃረብ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። አያታችን ካራ አገራቸው ላይ ሲሞቱ ፈረሳቸው ተጭኖ፣ ባዶ ኮርቻውን ይዞ፣ በለቀስተኛው መሃል ሦስት ጊዜ መዞሩን ስንቴ ነግሮናል። «ልጄ ፈረስ የለውም፤ ያለው ይኸ ነው» አለና ሞተሩን በእጁ ነካው። እትዬ አገርነሽ አላስቻላትም፤ «ኧረ አቶ ዲንሳ፣ ደግሞ ለብረት ይለቀሳል? ገለባም ላቅርብለት?» አለችው። አባባ ዞር ብሎም አላያት። «የፈረስም ልጓሙ ብረት ነው» አላት።

ወዲያው ግን ዓይኑ ኮርቻው ላይ አረፈና ፊቱ ተለወጠ። ጣሊያን ትቶት ሲሄድ የአንድ ሰው ኮርቻ ነበር፤ አንተ ነህ አምና ኮርቻ ሰፊው ጋሽ ነጅመዲን ጋ ወስደህ ለሁለት ሰው ያስረዘምከው። «የሟች ፈረስ የሚሳበው በአንድ ሰው ኮርቻ ነው» አለኝ አባባ። «ለሁለት የተሰፋ ኮርቻ ለቅሶ መሃል ከዞረ ሁለተኛውን ይጠራል። ከኋላው ትፈናጠጥ የነበርከው አንተ ነህ። ሄደህ አስቆርጠው።» ይህን ሲል እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር። ወንድምዓለም፣ ለሁለት ከተሰፋ በኋላ እኔን ያፈናጠጥከኝ ሁለቴ ብቻ ነው። ግን የአባባ እጅ ትከሻዬ ላይ እያለ «እኔ አይደለሁም» ማለት አቃተኝ።

ሞተሩን እየገፋሁ ሾላ፣ ሱቁ ድረስ ወሰድኩት። ጋሽ ነጅመዲን እንደምታውቀው ነው፤ በአንድ በኩል የበቅሎ ኮርቻ፣ በሌላ በኩል የመኪና ወንበር ተከምሮበታል። ሞተሩን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠና «ኢናሊላሂ» ብሎ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ወንድምህ ይህን ሲያሠራኝ አደረቀኝ እኮ። ከኋላ ትንሽ ይለስልስ፣ ትንሽ ይስፋ! ሙሽራ ልታስቀምጥበት ነው እንዴ? ብለው ሳቀብኝ» አለኝ። ልጁ ፋዲላ የስፌት መኪናው ላይ ነበረች። ቀና አላለችም።

አባባ ያለውን ነገርኩት። «አባትህ እውነቱን ነው» አለና ቡሎኖቹን መፍታት ጀመረ። እየፈታም ይቀልዳል፤ ሊያጽናናኝ መሰለኝ። «ይቺን ልጅ ተመልከትልኝ፤ ቆዳ መሃል ተወልዳ፣ ቆዳ መሃል አድጋ፣ ሰሞኑን የቆዳ ሽታ ያጥወለውለኛል ትላለች። የአባቷን ሞያ ጠልታ ይሆን?» አለኝ። ፋዲላ «አባ፣ ተው እንጂ» አለች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማል።

ኮርቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በመዳፉ ዳበሰው። ከኋላው ክፍል ሲደርስ እጁ ቆመ። እኔም አየሁት። የፊተኛው፣ ያንተ መቀመጫ፣ ግራና ቀኙ እኩል አልቋል። የኋለኛው ግን በግራ ጠርዙ ብቻ ጎድጉዷል፤ ቆዳው እዚያ ላይ ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ ቀኙ ትናንት የተሰፋ ይመስላል። አንፈራጦ የሚቀመጥ ሰው ኮርቻ እንዲህ አያደርግም። እንዲህ የሚያደርገው ቀሚስ ለብሶ፣ እግሩን ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ነው። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

ጋሽ ነጅመዲን «ከኋላው ማን ነበር የሚቀመጠው?» አለኝ። ድምፁ የቅድሙ አልነበረም። ወደ ፋዲላ ላለማየት የጣሪያውን ቆርቆሮ አየሁ። «እኔ» አልኩት። «በጎን?» አለኝ። «በጎን። ጉልበቴን ያመኛል፤ ማንፈራጠጥ አልችልም» አልኩት። ብዙ አየኝ። በኋላ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። «ወንድ ልጅ እንደ ወይዘሮ በጎን ተቀምጦ ሾላን ሲያቋርጥ! እሰይ!» ብሎ ለፊት ለፊቱ ባለሱቅ ሳይቀር አሰማ። በሳምንቱ ትምህርት ቤት ስደርስ ልጆቹ «ወይዘሮ ሆይ፣ በቅሎዎ ደህና አደረች?» ብለው ተቀበሉኝ። እስካሁን አልተዉኝም። ይሁን።

ጣውላውን እሱ በመጋዝ ቆረጠው። ስፌቱ ግን የፋዲላ እጅ ስለሆነ «አንቺው ፍቺው» አላት። ተነስታ መጣች። ክሩን በምላጭ እየበጠሰች ፈታችው። ሱፉና የፈረስ ጭራው ዝርግፍ ሲል አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ትንሽ ቆመች። አባቷ ለሶላት ሊተጣጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ ዓይኗን ከምላጩ ሳታነሳ «ጠርሙሱ ተሰበረ?» አለችኝ። «አልተሰበረም» አልኳት። «የት ነው ያለው?» አለችኝ። «እማማ ጠጣችው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና «ደግ አደረጉ» አለች። ስለ ጠርሙሱ ካገኙህ ሴቶችና ከቤተ ሰባችን ውጪ ለማንም አልተነገረም ነበር።

በአርባህ ዋዜማ አባባ ራሱ መሪውን ይዞ ሞተሩን በለቀስተኛው መሃል ሦስት ጊዜ አዞረው። ሰው ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሳቀ የለም። ከካራ የመጡት አጎታችን ቀጀላ በኦሮምኛ ፈረስህን ሲያሞግሱ፣ የማያውቅ ሰው እውነተኛ ፈረስ የተሳበ ይመስለው ነበር። ከአጭሩ ኮርቻ በስተኋላ ራቁቱን የቀረው ብረት ይታያል። የሾላ እስላም ሴቶች አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ፋዲላም አብራቸው ነበረች። ሰው ሁሉ ኮርቻውን ሲያይ እሷ ብረቱን አየች። ልታለቅስልህ የሚፈቀድላት እንደ ጎረቤት ብቻ ነበር። እንደ ጎረቤት አለቀሰች፤ ከዚያ የነጠላዋን ጠርዝ አፏ ውስጥ አስገባች።

ለቅሶው ሲበተን አባባ የተቆረጠውን የኮርቻ ክፍል ጓሮ ወስዶ አቃጠለው። ጋሽ ነጅመዲን ሊሰናበተው መጥቶ እሳቱ አጠገብ ቆመ። «ልጄ ጤና ነስቷታል። ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ላደርሳት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ በደሴው አውቶቡስ እንሄዳለን» አለው። አባባ «ይማርልህ። መቼ ትመለሳለች?» አለው። «ምን ትመለሳለች፤ እዚያ የሚያገባት ሰውዬ አይቼላታለሁ፤ ሽማግሌ ነው፣ ብዙ አይጠይቅም» አለ። ይህን ሲል እኔ እንጨት እያቀበልኩ ከጎናቸው ነበርኩ። አላየኝም፤ ላለማየት እየተጠነቀቀ ነበር።

ወንድምዓለም፣ የዚያን ጊዜ አንተ ብትሆን ምን ትል እንደነበር ብዙ አሰብኩ። አላገኘሁትም። አንተ ያልከው ነገር ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ ያላልከውን ግን ከየት ላምጣው?

ትናንት አባባና እማማ ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጡ። እማማ የወደቀበትን ሳላይ አልቀመጥም ብላ ነው፤ እዚያው ዘመድ ቤት አድረዋል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም በሌለበት ቤት ነቃሁ። ግድግዳውን ተጠግቼ ነበር የተኛሁት፤ ላንተ ቦታ ትቼ።

ፊቴን ታጥቤ፣ ደብተሬን ሳልይዝ፣ በኮተቤ አድርጌ ወደ ካራ ሄድኩ። የደሴው አውቶቡስ ኬላው ላይ ለፍተሻ ይቆማል። ብርዱ ጥርሴን እያንቀጫቀጨው ቆየሁ። ሲመጣ ፋዲላ በመስኮቱ በኩል ነበረች፤ አባቷ ከጎኗ። አውቶቡሱን ተጠግቼ «ጋሽ ነጅመዲን፣ እማማ ልካኝ ነው» አልኩት። «ምን ብለው?» አለኝ። መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጀው የመጣሁት ነገር ጠፋኝና አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «እግዜር ሴት ልጅ አልሰጠኝም ብላለች። ፋዲላ ኮምቦልቻ ካልተስማማት፣ መቼም ይሁን መቼ፣ እኔ ቤት ትምጣ ብላለች። ብቻዋንም ብትሆን፣ ብቻዋን ባትሆንም።»

ጋሽ ነጅመዲን መንጋጋው ሲነቃነቅ አየሁት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። «እናትህ ናቸው እንዲህ ያሉት?» አለኝ፤ ድምፁ ደክሞ ነበር። «አዎ፣ እሷ ናት» አልኩት። ሁለተኛ ጊዜዬ ነው ፊት ለፊት ስዋሸው፤ አሁን ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዞረ። ፋዲላ ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «እሺ ብላለች በላቸው» አለችኝ። ወታደሩ ገመዱን ለቀቀና አውቶቡሱ ሄደ። አቧራው እስኪተኛ ቆምኩ።

እማማ ምንም አላለችም፤ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። አባባ ይመታኝ ይሆናል፤ ይምታኝ። እማማ ግን ያላለችውን ዛሬውኑ እንድትለው አደርጋለሁ፤ እስክትለው አለቃትም።

ቤት እንደደረስኩ ትምህርቱን ትቼ ክፍላችንን ጠረግኩ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥቼ መታሁት፤ ልብሶችህን አጥፌ ሣጥን ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ አልጋውን ለእናትና ልጅ አነጠፍኩት፤ የእኔን ሰሌን ደግሞ ከበሩ ሥር ዘረጋሁ።

አፈሩ ይቅለልህ፤ ኪዳነ ምሕረት መንገዳቸውን ትጠብቅ።

ታናሽ ወንድምህ