አራተኛዋን ዳክዬ አትግዛ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ወገቧ ተሻላት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? ሁልጊዜ ደህና ናችሁ ወይ ብዬ ስጀምር ለወጉ ነበር፤ ዛሬ ግን የምሬን ነው የምጠይቀው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ከማንበብህ በፊት ሂድና የውሃ ማሞቂያው መጥፋቱን በዓይንህ አይተህ ተመለስ። ትናንት በስልክ አጥፋው ስልህ "እትዬ፣ ዳክዬ ምረጪልኝ አልኩሽ እንጂ መታጠቢያ ቤቴን ዝጊልኝ መች አልኩሽ" ብለህ ሳቅክብኝ። ባለቤትህም ከኋላ ሆና "ሕፃኑን በምን ልጠበው፣ በምራቄ?" ስትል ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ደብዳቤሽ እስኪደርስ ብቻ ብለህ ቃል ገባህልኝ። አውቅሃለሁ፤ ያንተ ቃል ከእራት አያልፍም። ምክንያቱን ልነግርህ አፌን ከፍቼ፣ መልሼ ስልኩን ዘጋሁት። ስለዚህ ይኸው እየጻፍኩ ነው፤ የዛሬው አውቶቡስ ሾፌር ያደርስልኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዳክዬዋ ነው። ዳክ የሚባለው ትንሽ ሣጥን ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የተቀመጠን ዘፈን ወደ ድምፅ እንደሚመልስ የተማርኩት ካንተ ደብዳቤ ነው። ልጅህ ዳክዬ ብላ ስም ስላወጣችለት እኔም በዚያው ቀጠልኩ። ሦስት ገዝተህ የመጀመሪያዋ እንደምታጉረመርም፣ ሁለተኛዋ እንደሚብስባት፣ ውድ የተባለችውም ያው እንደሆነች ጻፍክልኝ። "ያላነበብሽው የለምና አራተኛዋን አንቺ ምረጪልኝ" አልከኝ። አልዋሽህም፣ ኩራት ተሰማኝ። ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ለቃቅሞ ለተማረ ሰው ምክር መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው። ከቤተ መጻሕፍት ሁለት መጻሕፍት ተውሼ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ድምፅ ሳነብ ሰነበትኩ።

ያልገባኝን ልጠይቅ ብዬ ደብዳቤህን ይዤ የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ "እማማ፣ ዳንስ ሊጀምሩ ነው እንዴ?" ብሎ ተቀበለኝና እየሳቀ ማንበብ ጀመረ። ማሞቂያው ሲበራ ጉርምርምታው ይጨምራል ያልክበት ጋ ሲደርስ ሳቁን አቆመ። ድምፅ ማጉያው አምፕሊፋየር ጣትህን እንደነዘረህ፣ ልጅህም ቧንቧውን ስትነካ "ውሃው ይኮረኩረኛል" እያለች እንደምትፍለቀለቅ የጻፍክበት ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠው። "ይሄ የዳክ በሽታ አይደለም፣ የቤቱ ነው" አለኝ። ማሞቂያው ውስጡ ተበልቶ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ነው። ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ቢኖር ኖሮ ፊውዙ ወዲያው ያጠፋው ነበር፤ መሄጃ ስላጣ በቤቱ ብረት ሁሉ ተበተነ፤ ዳክዬዋም የምታጉረመርመው በሽቦዋ እሱ እየገባባት ነው። ዛሬ የኮረኮረ ነገ ይገድላል አለኝ።

የባሰው ግን ቀጥሎ የነገረኝ ነው። ከኮምፒውተሩ ድምፁን በሽቦ ሳይሆን በብርሃን የምትቀበል ዳክ አለች። እሷን ብትገዛ ጉርምርምታው ጭጭ ይላል፣ ዘፈኑም እንደ ምንጭ ውሃ ይጠራል። "ቧንቧው ግን ያው ቧንቧ ነው። ሌባ መጣ ብሎ የሚጮኸውን ውሻ አንቆ መተኛት ማለት ነው" አለኝ።

ወንድሜ፣ ከሱቁ እስክወጣ ድረስ ያችኑ ግዛ ልልህ አሰብኩ። ማሞቂያውም አርጅቷል፣ ቀይረው ብዬ ባክልበት ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ያልፍ ነበር። አንተም ታመሰግነኝ ነበር። አዲሱም ማሞቂያ አንድ ቀን እንደሚያረጅ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይህን ያሰብኩት የመሬቱ ሽቦ ለምን እንደሌለ ስለማውቅ ነው።

ሟቹ ባለቤቴ የቤትህን መብራት ሲዘረጋ፣ በመጨረሻው ቀን ምሳ ላይ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት "እህቴ እኮ ብል ናት፣ ወረቀት መብላት እንጂ ሥራ አታውቅም" አልከኝ። ሁሉም ሳቁ። አንተ ረስተኸዋል፤ ቀልድህ ነበር። እኔ ግን ባለቤቴን ተነሥ እንሂድ አልኩት። "ሽቦውን ከመሬት የሚያገናኘው ብረት ብቻ ነው የቀረኝ፣ ነገ እስከ ረፋድ እጨርሳለሁ" ብሎ ለመነኝ። ወይ ብረቱ ወይ እኔ አልኩት። እያየኝ ዕቃውን ሰበሰበ። ተመልሼ እጨርሰዋለሁ እንዳለ ሕመሙ ጣለው። አልጋ ላይ ሆኖም "ለወንድምሽ ስለ ቤቱ ንገሪው" ይለኝ ነበር፤ እሺ እለዋለሁ። ከሞተ በኋላ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ሰው "ሥራውን ሳይጨርስ ጥሎ የሄደ" ሲለው ይታየኝና አስቀምጠዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ማሞቂያህ ጤነኛ ስለነበር እንጂ የእኔ ዝምታ አልጠበቃችሁም።

እጁ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የምላሴ ነው። እሱን እንዳታማው።

አሁን የምልህን ስማ። ማሞቂያው ይጥፋ ብቻ ሳይሆን ከነጭራሹ ይነቀል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ዛሬውኑ ጥራ። የየክፍሉ ሦስተኛ ሽቦ ፊውዝ ሣጥኑ ውስጥ ተሰብስቦ ታስሯል፤ ከዚያ ወደ መሬት የሚወርድ ግን የለም በለው፣ ይገባዋል። ብረቱ ተቀብሮ፣ ለክቶ በቃ እስኪልህ ድረስ ልጆቹ ቧንቧ አይንኩ፤ ውሃ ከጎረቤት አስቀዳ። ዳክ እስከዚያ አትግዛ።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ሕፃኑን ሳይታጠብ በማዋሌ ትርገመኝ፣ መብቷ ነው። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝና የኮረኮራት ውሃው እንዳልሆነ በልኳ አስረዳት። ሕፃኑን እግሩን ሳምልኝ። አንተም ይህን ካነበብክ በኋላ ልታኮርፈኝ ትችላለህ፤ ደጅህን ብትዘጋብኝም አልፈርድብህም። ብቻ ስትቀየሙኝ አራታችሁም ሆናችሁ ተቀየሙኝ።

እህትህ
ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን