ወንድሟ ነው ያልሽኝ ሰውዬ

አስካልዬ፣

ይኸው ሰባ ስድስት ዓመት ሞላኝ። መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ፣ በረዶዋንም ራሴ እጠርግላታለሁ። ሽሮዬን ሠርቼ እበላለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ይህንንም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከተለየሽኝ ሦስተኛው በረዶ ወረደ። ዛሬ ግን ናፍቄሽ አይደለም የምጽፈው። ተናድጄብሻለሁ።

ልጃችን ሰናይት ሳትጠይቀኝ የድሮውን ሶፋሽን አውጥታ ትልቅ ቲቪ ገጥማልኛለች። ፎቅ ላይ አዲስ ጎረቤት ገብቷል፤ ሴልቫም ይባላል፣ የሕንድ ታሚል ነው፣ እንደኔው ሚስቱ የሞተችበት። የሁለታችንም እንግሊዝኛ እኩል ስለሚሰባበር ደህና እንግባባለን። ባለፈው እሑድ የልጅነቱን ፊልም ላሳያችሁ ብሎ ወረደ። ሰናይትም ነበረች።

ገና ከመጀመሩ አወቅሁት። ተዋናዮቹ ሌላ፣ ዘፈኑ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፤ ታሪኩ ግን የእኔና ያንቺው ፊልም ነው። የሀብታም ልጅና የአባቷ ሹፌር። ሴልቫም እንዳለው መጀመሪያ በሂንዲ ተሠርቶ፣ በኋላ የእሱ አገር ሰዎች በታሚል እንደገና ሠሩት። ለእሱ ዋናው ይኼ ነው፤ ከእናቱ ጋር ያየው ይኼን ነዋ።

እኛ የሂንዲውን ነበር ያየነው፣ መርካቶ። እኔ የጭነት መኪና ረዳት፣ አንቺ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያነበብሽ በጆሮዬ ትነግሪኝ ነበር፣ ከኋላ ያሉት ዝም በሉ እያሉን። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ሱፍ ከለበሰ ሰውዬ ጋር ባቡር ስትሳፈር፣ ማነው ብዬ ጠየቅሁሽ። ወንድሟ ነው አልሽኝ። ከአባቷ ሊያስታርቃት እየወሰዳት ነው፣ ተመልሳ ሹፌሩን ታገባለች፣ ሹፌሩም የሚያለቅሰው ከደስታ ነው አልሽኝ። በዚያው ሳምንት አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ላክሁ።

እሑድ ለት ይህንኑ አስቀድሜ በኩራት ተረክሁላቸው። ባቡሩ መጣ። ሰናይት ጽሑፉን አነበበችና ዞር ብላ አየችኝ።

“ባባ፣ ወንድሟ አይደለም። ባሏ ነው። አባቷ የመረጠላት ዶክተር።”

ታሚሎቹ አበላሽተውት ነው አልኩ። ሴልቫም እየሳቀ የሂንዲውም እንደዚሁ ነው ሲለኝ ደሜ ፈላ። የሰው ፊልም ወስዳችሁ ታበላሻላችሁ፣ ተነስና ውጣ አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ሰናይት በስልኳ ሰርች አደረገች። የሂንዲውም ባሏ ነው።

“ማሚ ፎግራሃለች” ብላ ሳቀች።

ዕድሜዬን ሙሉ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ ማንም ሳይገፋኝ ደፍሬ የጠየቅኋት እኔ ነኝ እያልኩ ስኮራ፣ አንቺ እዚያው ሳህን ታነሺ ነበር። ፊትሽ ንቅንቅ አይልም። ምን ነበር አንድ ቀን ብትነግሪኝ? ሆስፒታል ተኝተሽ እንኳ ያንን ፊልም ሳነሳልሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈገግ አልሽ። እኔ ደግሞ መድኃኒቱ መስሎኝ!

እውነቱን ቢሰማ ይቀራል ብለሽ ነው? አልቀርም ነበር። ሽማግሌ እልክ ነበር። ምናልባት ትንሽ ቆየት ብዬ።

ንዴቱ አልወጣልኝም። ቢሆንም እስካለሁ አልረሳሽም፤ ተናድጄም ቢሆን አስብሻለሁ።

ያለብኝን ዕዳ ማንም አይከፍልልኝም። ሰናይት ለሴልቫም እኔ ቴክስት ላድርግለት ብትለኝ እምቢ አልኳት። ደረጃውን ራሴ ወጥቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ያልጨረሰውን ሻይም ራሴ አፈላለታለሁ። በየድግሱ ጉራዬን ለሰሙት የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችን፣ ሽማግሌዎቹን በእውነት የላካቸው ማን እንደሆነ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ያንቺን ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ መቃብርሽ ድረስ ነድቼ መጥቼ እከፍላለሁ። መጀመሪያ እቆጣሻለሁ። ምስጋናው ከዚያ በኋላ ነው።