ዋቁማ በመስኮቱ የነገረኝ

መቱ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ጥሩአየሁ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሐዋሳ ተስማማሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እዚህ ዝናቡ አያባራም። የክፍላችን መስኮት ቀን ከሌት ክፍት መሆን ስላለበት ብርድ ልብሴ እርጥብ ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ስላሉ ከሆስፒታሉ ግቢ መውጣት አልተፈቀደልኝም። እማዬም ከአጥሩ ወዲያ ቆማ፣ አይታኝ ትመለሳለች።

እትዬ፣ ላንቺ ብቻ የምነግርሽ አለኝ። ከወንዶቹ ክፍል ዋቁማ የሚባል፣ ኡካ ከሚባል አገር የመጣ ልጅ አለ። እንደኔው ትምህርቱን ያቋረጠ ነው። ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ሥር ቆሞ ያጫውተኛል። ማስክ አድርጎም ሲስቅ ዓይኑ ያስታውቃል። ወደድኩት፤ አትቆጪኝ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ግን ሳይስቅ መጣ።

"ኮቱ፣ ነይ፣ አብረን እንጥፋ" አለኝ። "ይሄ በየቀኑ የሚወጉን መርፌ ጆሮዬን እያስጮኸው ነው። እዚህ ደንቁሬ ከምቀር አገሬ ገብቼ ብሞት ይሻለኛል።"

"ብታቋርጠው እኮ ትሞታለህ!"

"እዚህስ መቼ አለን፣ ህሊና?"

ጫማዬን አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልከተለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በሽታው የሚጋባባቸው፣ ቤታቸው ያሉት ትንንሽ እህቶቹ ትዝ ሲሉኝ ግን ጫማዬን መልሼ አወለቅሁ። ብቻውን ሄደ። ሲነጋ ለሲስተር ጥሩነሽ የት እንደሚገኝ ነገርኳት።

አባቱ ራሳቸው እጁን ይዘው መለሱት። በመስኮቴ ሲያልፍ ፊቱን አዞረብኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ትናንት መጣ። የመስኮቱን ብረት ጨብጦ ብዙ ተናገረ። እትዬ፣ አንድም ቃል አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ድምፁን ዋጠው፤ አፉን እንዳላይ ደግሞ ማስኩ ሸፍኖታል። ይቅር ብሎኝ ይሁን ረግሞኝ አላወቅሁም። "ድገምልኝ" ብዬ ብጠይቀው መርፌው እኔንም ምን እንዳደረገኝ ይገባዋል፤ ከገባው ደግሞ ዳግመኛ ይጠፋል። ስለዚህ እሺ እንደሚል ሰው ራሴን ነቀነቅሁለት።

ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ሳቀ። ዞሮም መርፌውን ሊወጋ ሄደ።

የጆሮዬን ነገር ለሲስተርም ገና አልነገርኳትም። እማዬም እንዳትሰማ። ስልክ አትደውዪልኝ፤ ጻፊልኝ።

ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ትሰውርሽ፤ በዓይነ ሥጋ ታገናኘን።

ታናሽሽ ህሊና