ያልተከፈተው ሽሮፕ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ያ ቀልደኛ ባልሽስ? ልጆቹስ? እማዬስ ጉንፋኗ ለቀቃት? እኔን ብትጠይቂኝ በቁሜ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ሚጢ ከተኛችበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው።

በሾፌሩ የላክሽልኝ ሽሮፕ ደርሶኛል። ግን ለልጄ አልሰጠኋትም። መድኃኒት ቤትሽን ንቃ ነው እንዳትዪ፤ መጀመሪያ ልንገርሽ፣ ከዚያ ትቆጪኛለሽ።

ሚጢ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ጡት እምቢ አለች። ሰውነቷ ቀዘቀዘ፣ ማልቀስም ተወች። ሐኪሟ ጀርም ደሟ ውስጥ ገብቷል አለችን። መርፌ ተጀመረ፣ አልሠራም። በሌላ ተቀየረ፣ እሱም ያው። የደም ምርመራው ሲመጣ ለካ ጀርሙ መድኃኒቶቹን ተላምዷቸዋል። ያንቺ ሽሮፕም ከማይበግሩት አንዱ ነው።

አማቴን ግን ማን ይቻላቸው! የእህትሽን ልጅ ያዳነ ይህችን እንዴት አያድንም፣ አንድ ማንኪያ ምን ይጎዳል እያሉ ወጥረው ያዙኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጠርሙሱን ኪሴ ውስጥ ደብቄ ሕፃናቱ ክፍል ገባሁ። እጄን ስታጠብ ነርሷ አየችብኝ። ትጮህብኛለች ስል፣ ቀስ ብላ ሚጢ መዋጥ እንኳ እንደማትችል፣ ትን ብሏት ልትሞትብኝ እንደምትችል ነገረችኝ። አሁን የተጀመረላትም የቀረን የመጨረሻው መድኃኒት ነው አለች። ጠርሙሱን እንደታሸገ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ዓይኔን አልነቅልም። ፈራሁ እትዬ፣ በጣም ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት ለምርመራ ተረከዟን ሊወጓት መጡ። እንደ ሰሞኑ ዝም ትላለች ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ጮኸች! ቀጭን፣ ቁጡ ጩኸት፤ ቁርጥ ያንቺ! ልጇ እያለቀሰች የምትስቅ እናት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሐኪሟ ገና ነው፣ አልዳነችም ብላኛለች። እኔም ገና መሆኑን አውቃለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። እማዬ ልምጣ ካለች ትምጣ፤ ግን እጅ መታጠብ እንጂ ሕፃን መሳም የለም በያት። አንቺም በሞቴ፣ ያንን ሽሮፕ ሐኪም ሳያዝዝ ለሳለው ሁሉ አትስጪ።

ታናሽሽ

ከሕፃናቱ ክፍል በር፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ። አሁንም እያለቀሰች ነው።